ባሕር ተሻግሮ የሚከተል ግብር

እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 1861 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር ቨርጂኒያ ውስጥ ማናሳስ አጠገብ በደቡቦቹ ተመትቶ ወደ ዋሽንግተን ሸሸ። ጦርነቱ በጥቂት ሳምንታት ያልቃል ብሎ ሲጠብቅ የነበረው ዋና ከተማ ደነገጠ። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ፣ ኦገስት 5 ቀን፣ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የአገሪቱን የመጀመሪያ የገቢ ግብር ሕግ ፈረሙ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሕጉ መሠረት አገር ቤት ያለ ሰው በዓመት ከ800 ዶላር በላይ ካገኘ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 3 በመቶ ይከፍላል። በውጭ አገር የሚኖር አሜሪካዊ ግን አሜሪካ ካለው ንብረቱ በሚያገኘው ገቢ ላይ 5 በመቶ እንዲከፍል ተደነገገ።

ልዩነቱ ሆን ተብሎ የገባ ነው። ቆይቶም የጦርነቱ ወጪ እያበጠ ሄዶ በ1863 የግዳጅ ምልመላ ሲመጣ፣ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ፓሪስና ሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ሄደው መቀመጣቸው ኮንግረሱን አንገበገበው። የቬርሞንቱ ሴናተር ጄከብ ኮላመር የብዙዎችን ስሜት በምክር ቤቱ ፊት ተናገሩት። ገቢውን ከዚህ አገር እየሳበ፣ ለውትድርና ከመታጨት ሸሽቶ ፓሪስ የተቀመጠ ሰው፣ እዚህ ከቀረው እኩል ቀላል ግብር ከፍሎ ሊያመልጥ አይገባም የሚል ነበር አቋማቸው። የ1864ቱ ሕግ ደግሞ ከዚህም አልፎ ሄደ። በውጭ የሚኖር ዜጋ ገቢው ከአሜሪካም ይምጣ ከሌላ አገር፣ ሁሉንም እንዲገብርበት አዘዘ።

ልጆቻቸውን ለጦር ሜዳ የገበሩ ቤተሰቦች በሸሸው ባለጸጋ ላይ ቢቆጡ እውነት አላቸው። እኔም በዚያ ዘመን ብኖር ከኮላመር ጎን የምቆም ይመስለኛል። ነገር ግን ያ ሕግ ለጦርነት ጊዜ፣ ከጦርነት ለሚሸሽ ሰው የተሰፋ ልብስ ነበር። ጦርነቱ በ1865 አለቀ፤ የገቢ ግብሩም በ1872 ቀረ። ሐሳቡ ግን ከአንዱ ሕግ ወደ ሌላው እየተገለበጠ መኖሩን ቀጠለ። በ1894 ከ4,000 ዶላር በላይ ባለ ገቢ ላይ 2 በመቶ ግብር ሲጣል፣ ዜጋው አገር ቤትም ይኑር ውጭ እንዲከፍል ተባለ። ያንን ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1895 ሻረው። በ1913 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ኮንግረሱ የገቢ ግብር የመጣል ሥልጣን አገኘ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 3 ቀን ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን በፈረሙት ሕግ ውስጥ ያው አንቀጽ ተመልሶ መጣ። መነሻ ግብሩ ከ3,000 ዶላር በላይ ለሚያገኝ ላጤ 1 በመቶ ስለነበር የሚነካው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በውጭ ስለሚኖረው ዜጋ ብዙ ክርክር አልተነሣም። የፓሪሱ ሸሺ ከሞተ ቆይቷል፤ ለእሱ የተጻፈው ቃል ግን የአገር ሕግ ሆኖ ቀረ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት የግብሩን መጠን ሲያንረው፣ አንድ ሰው ለሁለት መንግሥታት ሙሉ ግብር መክፈሉ ግልጽ ችግር ሆነ። በ1918ቱ የግብር ሕግ ኮንግረሱ ለውጭ መንግሥት የተከፈለ ግብር ከአሜሪካው ላይ እንዲቀነስ ፈቀደ። ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ዛሬም ድረስ በውጭ ለሚኖረው ዜጋ ዋናው መከታ ይኸው ነው። ዋናው ጥያቄ ግን አልተመለሰም። በአንድ አገር የማይኖር፣ እዚያ የማይሠራ፣ እዚያ ንብረት የሌለው ሰው ለዚያ አገር ግብር የሚከፍለው በምን ምክንያት ነው?

ጥያቄውን ፍርድ ቤት ይዞት የቀረበው ጆርጅ ኩክ የተባለ ሰው ነው። ኩክ የአሜሪካ ዜጋ ይሁን እንጂ ቋሚ መኖሪያው ሜክሲኮ ሲቲ ነበር፤ ገቢ የሚያገኝበት ንብረትም እዚያው ሜክሲኮ። የአሜሪካ መንግሥት ለ1921 ገቢው 1,193 ዶላር ከ38 ሳንቲም ጠየቀው። ኩክ የመጀመሪያውን ክፍያ፣ 298 ዶላር ከ34 ሳንቲም፣ እየተቃወመ ከፈለና ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ የሜሪላንዱን ግብር ሰብሳቢ ጌለን ቴይትን ከሰሰ። ክርክሩ አጭርና ቀጥተኛ ነበር፤ ሰውዬውም ንብረቱም ከአገር ውጭ ሳሉ ግብር መጣል ከመንግሥት ሥልጣን በላይ ነው አለ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜይ 5 ቀን 1924 ፈረደበት። ዳኛ ጆሴፍ ማኬና በጻፉት ጥቂት ገጽ ውሳኔ፣ መንግሥት በባሕርዩ ዜጋውንም ንብረቱንም የትም ይሁኑ የት ይጠቅማል፤ ስለዚህ ግብር የመጣል ሥልጣኑ የሚመነጨው ሰውዬው ወይም ንብረቱ ካሉበት ቦታ ሳይሆን በዜግነት ከሚገኘው ግንኙነት ነው ተባለ። ኩክ በዚያ ዓመት ከአሜሪካ መንግሥት ምን ጥቅም እንዳገኘ የመረመረ የለም። ጥቅሙ አለ ተብሎ ተወሰደ፣ አለቀ። ይህ ውሳኔ ከመቶ ዓመት በኋላም አልተሻረም።

ይህን ውሳኔ ባነበብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ነገር አለ። በእኛ አገር ገባር የሚገብረው ለሚያርሰው መሬት ነበር። ሥርዓቱ በደል የሞላበት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም መሬቱን ለቆ የሄደን ሰው የትውልድ ቀዬው በሄደበት ተከትሎ አስራት አይጠይቀውም። የዛሬው የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅም፣ ቁጥር 979፣ መነሻው ነዋሪነት ነው። መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነ ወይም በዓመት ውስጥ ከ183 ቀናት በላይ እዚህ የቆየ ሰው በዓለም ዙሪያ በሚያገኘው ገቢ ይጠየቃል፤ ነዋሪ ያልሆነው የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ባገኘው ብቻ ነው። አብዛኛው ዓለም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። መንገዱን፣ ውሃውን፣ ፖሊሱንና ትምህርት ቤቱን የሚጠቀም ሰው ለዚያ ይክፈል፤ ከዚህ የተሻለ የፍትሕ መለኪያ አላየሁም።

ኩክ በተሸነፈ በሁለት ዓመቱ ኮንግረሱ ራሱ ወደኋላ ሸርተት አለ። በውጭ ንግድ የተሰማሩ አሜሪካውያን፣ የእንግሊዝ ነጋዴ ለአገሩ መንግሥት የማይከፍለውን ግብር እኛ እየከፈልን እንዴት እንወዳደራለን ብለው አቤት ሲሉ ሰሚ አገኙ። የ1926ቱ ሕግ ከስድስት ወር በላይ በውጭ የቆየ ዜጋ እዚያው ሠርቶ ያገኘውን ደመወዝ ያለ ጣሪያ ከግብር ነፃ አደረገው። ለተወሰነ ጊዜ ጉዳዩ የተፈታ መሰለ። በ1951 ደግሞ ከ18 ወር ውስጥ 17ቱን በውጭ ያሳለፈ ሁሉ ነፃ ይሁን ተባለና በር ተከፈተ። በሩን ተጠቅመው የገቡት የሆሊውድ ተዋንያን ናቸው፤ ፊልማቸውን አውሮፓ እየሠሩ ትልቅ ገንዘባቸውን ያለ ግብር ይዘው ይመለሱ ጀመር። ኮንግረሱ ተቆጥቶ በ1953 ለእነዚህ የ20,000 ዶላር ጣሪያ አበጀ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ይህ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው። ጥቂት ሀብታሞች በሕጉ ይጫወታሉ፤ ቁጣ ይነሣል፤ ሕጉ ይጠብቃል፤ የጠበቀው ሕግ የሚያንቀው ግን አስተማሪውን፣ ሚስዮናዊውን፣ መሐንዲሱንና ባለ ትንሽ ሱቁን ነው። በ1962 ጣሪያው ለሁሉም ሆነ። በ1976 ወደ 15,000 ዶላር ወረደ። ባሕረ ሰላጤው በነዳጅ ገንዘብ ሲገነባ በነበረበት በዚያ ወቅት፣ የአሜሪካ ኩባንያዎች አሜሪካዊ ሠራተኛ ወደ ሳዑዲ መላክ ውድ ሆነብን ብለው ጮኹ። በ1978 ሕጉ እንደገና ተቀየረ፤ በዚያው ዓመት ጄኔቭ ላይ በውጭ የሚኖሩ አሜሪካውያን የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በ1981 በፕሬዚዳንት ሬገን ዘመን ከደመወዝ እስከ 75,000 ዶላር ነፃ ሆነ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ አንዴ ወርዶ ብዙ ጊዜ ወጥቷል፤ ለ2025 የግብር ዘመን 130,000 ዶላር ደርሷል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ መረሳት የሌለበት አንድ ነገር አለ። እነዚህ ዜጎች ግብር ሲጠየቁ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያልፍ፣ በየትም አገር ሆነው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብታቸው በሕግ የተረጋገጠው ገና በ1976 ጃንዋሪ ነው።

በዚያው ዘመን የአሜሪካ ዜግነት ታሪክ ከእኛ ታሪክ ጋር መገናኘት ጀመረ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ኢትዮጵያዊው በሱዳን በኩል፣ በጅቡቲ በኩል ተሰደደ። የ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በር ከፈተለት። በ1990 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ የዲቪ ሎተሪን አመጣ። ሎተሪው የወጣለት ወጣት ግሪን ካርዱን ሲቀበል፣ ፓስፖርቱን ሲያገኝ፣ ባንዲራ ይዞ ፎቶ ሲነሣ፣ የ1864ቱ አንቀጽ አብሮት እንደሚሄድ የነገረው ሰው የለም። ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን ካርዱን በሕጋዊ መንገድ እስካልመለሰ ድረስ፣ አዲስ አበባ ተመልሶ ቢኖርም፣ በግብር በኩል እንደ ዜጋ ይቆጠራል።

ወደ ምሥራቅ እንመልከት። ፊሊፒንስ በመላው ዓለም ተበትነው በሚሠሩ ዜጎቿ ገቢ ላይ ትጥለው የነበረውን ግብር በ1997 ባወጣችው ሕግ ተወችው፤ ከ1998 ጀምሮ በውጭ ያለው ፊሊፒናዊ የሚጠየቀው አገር ቤት ባገኘው ብቻ ነው። ኤርትራ ደግሞ ከነፃነት ማግስት ጀምሮ በውጭ በሚኖሩ ዜጎቿ ገቢ ላይ 2 በመቶ ጣለች። የከፈለበትን ወረቀት ያላሳየ ኤርትራዊ በኤምባሲው በኩል ጉዳዩን ማስፈጸም እንደሚቸግረው በስደት የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። ዲሴምበር 5 ቀን 2011 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 2023፣ ኤርትራ ይህንን ግብር የአፍሪካ ቀንድን ለማተራመስ ትጠቀምበታለች ብሎ አወገዘ፤ በማስፈራራትና በማጭበርበር መሰብሰቡንም እንድታቆም አዘዘ። አሜሪካ ውሳኔውን ደግፋ ድምፅ ሰጠች። ውግዘቱ የግብሩን አጠቃቀምና አሰባሰቡን እንጂ ግብሩን ራሱን እንዳልነካ መናገር ተገቢ ነው። ቢሆንም በዜግነት ብቻ፣ የትም ይኑር የት፣ ዜጋን የምታስገብር አገር ስትፈለግ ከኤርትራ ቀጥሎ የምትጠራው አሜሪካ ናት።

የኢትዮጵያ መንግሥት በዚህ በኩል ሌላ መንገድ መርጧል። በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ዳያስፖራው በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጣ ሲጠይቁና የትረስት ፈንዱ ሲቋቋም፣ መዋጮው በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነበር። ማንም አላዋጣህም ተብሎ ፓስፖርቱ አልታሰረበትም።

ታሪኩ በከፋ ሁኔታ የተለወጠው በ2008 ነው። ዩቢኤስ የተባለው ግዙፍ የስዊስ ባንክ ለሀብታም አሜሪካውያን ገንዘብ ሲደብቅ ተያዘ፤ በ2009 ፌብሩዋሪም 780 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ቁጣው የሚገባ ነበር። ግን እንደተለመደው እርምቱ በሌባው ልክ አልነበረም። ማርች 18 ቀን 2010 ፕሬዚዳንት ኦባማ በፈረሙት የሥራ ማስፋፊያ ሕግ ውስጥ ፋትካ የሚባለው ክፍል ገባ። በዓለም ላይ ያለ የፋይናንስ ተቋም ሁሉ የአሜሪካውያንን ሂሳብ ለይቶ ለአሜሪካው ገቢዎች፣ ለአይ አር ኤስ፣ እንዲያሳውቅ፤ አላሳውቅም ካለ ከአሜሪካ ከሚመጣለት ክፍያ 30 በመቶ እንዲቀነስበት ተደነገገ። ከጁላይ 2014 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል በአውሮፓ ያሉ ብዙ ባንኮች ነገሩን አሰሉና አሜሪካዊ ደንበኛ ከማስተናገድ አለማስተናገድ ይሻላል ብለው ሂሳብ ይዘጉ ጀመር። ጡረተኛዋ፣ ከፈረንሳዊ ጋር የተጋባችው አስተማሪ፣ አሜሪካ ተወልዶ በሕፃንነቱ የወጣው ሰው የቤት ብድር እንኳ ማግኘት አቃታቸው።

ዜግነታቸውን የሚመልሱት ቁጥር ይህንኑ ይናገራል። ስማቸው በመንግሥት መዝገብ የወጣው በ2008 ከ300 አይበልጡም ነበር፤ በ2016 ከ5,000 አለፉ። መንግሥት የመልቀቂያውን ክፍያ በ2014 ከ450 ወደ 2,350 ዶላር ከፍ አደረገው። ከለቀቁት አንዱ ኒው ዮርክ ተወልደው በአምስት ዓመታቸው የወጡት ቦሪስ ጆንሰን ናቸው። የለንደን ከንቲባ ሳሉ ለንደን ያለውን መኖሪያ ቤታቸውን በመሸጣቸው አሜሪካ ግብር ጠየቀቻቸው። በ2014 አልከፍልም ብለው በአደባባይ ተናገሩ፤ በማግሥቱ ዓመት ከፈሉ፤ ከዚያም ዜግነቱን ተዉት።

ለእኛ አንባቢ ግን ከጆንሰን ይልቅ የአሌክሳንድሩ ቢትነር ነገር ይቀርባል። ቢትነር ሮማንያ ተወልዶ በ1982 አሜሪካ ገባ፤ እንደ ብዙው ስደተኛ ዝቅተኛ ሥራ ሲሠራ ቆይቶ በ1987 ዜጋ ሆነ። የኮሚዩኒስቱ ሥርዓት ከወደቀ በኋላ በ1990 አገሩ ተመልሶ ነገደ፣ ሀብትም አፈራ። በውጭ ባንኮች ያለው ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ በየዓመቱ ኤፍባር የሚባለውን ቅጽ መሙላት እንዳለበት አላወቅሁም ነበር አለ። ወደ አሜሪካ ከተመለሰ በኋላ ግዴታውን ሲያውቅ ራሱ ቀርቦ አስገባ። መንግሥት ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ያልተመዘገቡትን 272 ሂሳቦች እያንዳንዳቸውን በ10,000 አባዝቶ 2.72 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጠየቀው። ሆን ብሎ አጭበርብሯል አልተባለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2023፣ አምስት ዳኞች በአራት በልጠው፣ ቅጣቱ በቅጽ እንጂ በሂሳብ ቁጥር አይቆጠርም አለና ወደ 50,000 ዶላር ወረደለት። አንድ ድምፅ ወዲያ ቢያዘነብል ሰውዬው ባለማወቅ ብቻ ሚሊዮኖችን ይከፍል ነበር።

ሮማንያ የሚለውን ኢትዮጵያ በሚለው ይተኩት። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ፣ ቢጫ ካርድ አውጥቶ፣ ቦሌ ወይም ሲኤምሲ ቤት ገዝቶ የተመለሰው ወንድማችን ያው ነው። የ2002ቱ አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያዊው የመኖርና የመሥራት መብት ሰጥቶታል። እሱም ይሠራል፣ ለኢትዮጵያ መንግሥት ግብሩን ይከፍላል። አሜሪካና ኢትዮጵያ ግን የገቢ ግብር ስምምነት የላቸውም፤ የጡረታ መዋጮን በአንድ አገር ብቻ ለማድረግ የሚያስችለውን ስምምነትም አሜሪካ ከየትኛውም የአፍሪካ አገር ጋር አልተፈራረመችም። በግል ስሙ ካፌ ከፍቶ በዓመት 20,000 ዶላር የተጣራ ትርፍ አገኘ እንበል። የ130,000ው ነፃ ጣሪያና በኢትዮጵያ የከፈለው ግብር ከገቢ ግብሩ ያድኑታል፤ በራሱ ለሚሠራ ሰው ከሚጣለው የ15.3 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ ግን አያድኑትም። ወደ 2,800 ዶላር ገደማ ለዋሽንግተን ይልካል፤ ለአዲስ አበባ የከፈለው ግብር ከዚህ ላይ አይቀነስለትም። ካፌውን በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አድርጎ አብላጫውን ድርሻ ቢይዝ ደግሞ በየዓመቱ የሚሞላው ረጅም ቅጽ አለ፤ ያንን አለማስገባት ብቻውን 10,000 ዶላር ያስቀጣል።

ከሁሉ የሚገርመው የቤት ብድሩ ነው። ጁላይ 29 ቀን 2024 ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በዓመቱ መጨረሻ ከ120 ብር አለፈ። ልክ ከዚያ በፊት 5.7 ሚሊዮን ብር ተበድሮ ቤት የገዛ ሰው ያኔ በዶላር ሲሰላ 100,000 ገደማ ተበድሯል። ብሩን በ2024 መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ቢመልስ፣ የመለሰው 50,000 እንኳ አይሞላም። ሰውዬው ያተረፈው ነገር የለም፤ በብር ተበደረ፣ በብር ከነወለዱ ከፈለ። የአሜሪካ ሕግ ግን ሁሉን በዶላር ስለሚቆጥር ልዩነቱን ትርፍ ይለዋል፣ ግብርም ይጠይቅበታል። ደመወዝ ስላልሆነ ነፃ ጣሪያው አይሸፍነውም። ምንዛሪው በተቃራኒው ሄዶ ቢከስር ኖሮ ደግሞ በመኖሪያ ቤት ብድር ላይ የደረሰ ኪሳራ አይቀነስለትም። ይህን በምን ዓይነት ሚዛን ፍትሕ እንደሚሉት አላውቅም።

አብዛኛው በውጭ የሚኖር አሜሪካዊ በስተመጨረሻ ለአይ አር ኤስ ምንም አይከፍልም፤ በነፃ ጣሪያውና በውጭ የከፈለው በሚቀነስለት ይሸፈናል። የሕጉ ደጋፊዎች ታዲያ ጩኸቱ ምንድን ነው ይላሉ። ጩኸቱ ምንም ለማይከፈልበት ሒሳብ በየዓመቱ ለአካውንታንት የሚከፈለው ነው፣ አንድ ቅጽ ቢረሳ የሚመጣው ቅጣት ነው፣ የሚዘጋው የባንክ በር ነው። ሀብታሞቹ ሞናኮ ገብተው እንዳይደበቁ ነው የሚለውም ክርክር መልስ አለው፤ ካናዳ ነዋሪነቱን ትቶ የሚወጣውን ሰው ንብረቱን እንደሸጠ ቆጥራ በመውጫው ታስገብረዋለች፣ ከዚያ በኋላ ትተወዋለች። አሜሪካም ዜግነታቸውን በሚለቁ ባለጸጎች ላይ ከ2008 ጀምሮ ተመሳሳይ ግብር አላት። ትልቁን ዓሣ የሚይዝ መረብ እያለ ትንሹን የሚያንቅበት ምክንያት የለም።

ለውጡም ደጅ ላይ ደርሶ ያውቃል። በ2018 ዲሴምበር የሰሜን ካሮላይናው ተወካይ ጆርጅ ሆልዲንግ ግብሩ በነዋሪነት እንዲሆን የሚጠይቅ ረቂቅ አቀረቡ፤ ሳይታይ ቀረ። በ2024 ኦክቶበር ዶናልድ ትራምፕ በምርጫ ዘመቻቸው በውጭ ያሉ ዜጎችን ድርብ ግብር አቆማለሁ አሉ፤ በዲሴምበር የኢሊኖዩ ተወካይ ዳሪን ላሁድ፣ በውጭ የሚኖር ዜጋ በነዋሪነት ለመገበር እንዲመርጥ የሚፈቅድ ረቂቅ ይዘው መጡ። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ትልቁ የግብር ሕግ ግን ይህንን አላካተተም። ይልቁንም ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብና በመሰል መንገድ ወደ ውጭ በሚላክ ሐዋላ ላይ 1 በመቶ ጣለ። ከባንክ ሂሳብ ወይም አሜሪካ በተሰጠ ዴቢት ካርድ የሚላከው አይነካም፤ ለእናቱ ብር የሚልክ ይህን ይወቅ።

ሳያውቁ የቆዩትም ተስፋ አይቁረጡ። አይ አር ኤስ በውጭ ለሚኖሩና ሆን ብለው ላላጠፉ ሰዎች የሦስት ዓመት የግብር ማስታወቂያና የስድስት ዓመት ኤፍባር አስገብተው ያለ ቅጣት የሚገቡበት በር ከፍቷል። ደብዳቤ መጥቶ ሳይቀድማችሁ ሥራውን በሚያውቅ አካውንታንት አሠሩት።

ይህን ሕግ ሊቀይር የሚችለው ኮንግረስ ብቻ ነው፤ ፍርድ ቤቱ በ1924 በሩን ዘግቷል። የግብር ሕግ የሚረቀቅበት የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ውስጥ ደግሞ ሐበሻ የሚበዛባትን አሌክሳንድሪያን የሚወክሉት ዶን ባየር አሉ፤ ፋትካ ሲወጣ፣ ከ2009 እስከ 2013፣ በስዊዘርላንድ አምባሳደር ስለነበሩ ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ሚኔሶታ፣ ቴክሳስ፣ ካሊፎርኒያ ያላችሁ፣ አዲስ አበባ ሆናችሁም በመጨረሻ በኖራችሁበት ግዛት የመምረጥ መብት ያላችሁ ወገኖች፣ ለወካያችሁ ደብዳቤ ጻፉ፤ ግብር የምንከፍለው በምንኖርበት አገር ይሁን በሉ፤ የካፌውንና የቤት ብድሩን ሒሳብም በቁጥር አስቀምጡላቸው።